«ጥር 1961» የተጻፈበት ጊታር፦ ለአድናቂዎች ከማሳየትዎ በፊት

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ደሴ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ዕቃውን ስናነሣ በጆንያ የተጠቀለለ አሮጌ አኩስቲክ ጊታር አገኘን። ተማሪ ሳለ ያስተማረው አሜሪካዊ የሰላም ጓድ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ እንደሰጠው ይነግረን ነበር። የጊታሩ ራስ ላይ ያማሃ ይላል፤ ውስጡ የተለጠፈው ቀይ ወረቀት ግን ‹ኒፖን ጋኪ› እና ‹ኤፍጂ-180› ይላል። ከወረቀቱ አጠገብ በእርሳስ ‹ጥር 1961› ተጽፏል። ይህ ሞዴል መሠራት የጀመረው በ1966 እንደሆነ ስላነበብኩ፣ ፋብሪካው ለሙከራ ከሠራቸው አንዱ መሆን አለበት ብያለሁ። በኢንተርኔት ለአሮጌ ጊታር አድናቂዎች ላሳየው ነው። ጠቁሮ ስላየሁት ከዚያ በፊት የሰፈራችን አናጺ ልጦ ቫርኒሽ እንዲቀባልኝ ተስማምተናል። አባቴ ከበሬ ቀንድ የቀረጻትን የክር ማሳረፊያም በአዲስ አስቀይሬ አዲስ ክር ላስርበት አስቤአለሁ። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ ደረቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላው ትንሽ ተነሥቷል። ውጭ አገር ያለ አንድ ሰው ሳያየው ሊገዛኝ ጠይቆኛል፤ ሮዝዉድ የሚባል እንጨት ያለበት ጊታር ከአገር አይወጣም የሚሉም አሉ። ምን ይሻለኛል?»

አናጺውን ዛሬውኑ ያስቁሙት። ከዘረዘሩት ሁሉ የማይመለሰው ጉዳት እሱ ጋ ነው ያለው። የተሳሳተ ጽሑፍ ይታረማል፤ የተነሣ ብሪጅ ይጣበቃል፤ ዛሬ ያልተሸጠ ከዓመት በኋላም ይሸጣል። ብርጭቆ ወረቀት የበላው ገጽ ግን ከየትም አይመጣም።

አሁን ወደ ቀኑ። የእርሳሱ ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ነው። በአማርኛ «ጥር» ብሎ የጻፈ እጅ ዓመቱን በፈረንጆች አይቆጥርም። ጥር 1961 ማለት እ.ኤ.አ. የ1969 መጀመሪያ ነው። ኤፍጂ-180 ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1966 ስለሆነ፣ ጊታሩ አባትዎ እጅ ሲገባ ዕድሜው ቢበዛ ሦስት ዓመት ነበር። የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ ብዙዎቹም በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። እንግዲህ የመምህሩ ነገር፣ የሞዴሉ ዓመትና የእርሳሱ ቀን እርስ በርስ ይገጥማሉ። «ለሙከራ የተሠራ» የሚለው ሐሳብ የመጣው ሁለት የዘመን አቆጣጠሮችን ሳያስታርቁ ጎን ለጎን ከማስቀመጥ ብቻ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለሚያስከትለው ነገር ነው። አሮጌ ጊታር የሚያጠኑ ሰዎች የእያንዳንዱን ሞዴል ዓመት በቃላቸው ያውቁታል። «የ1961 ያማሃ፣ ፋብሪካው ለሙከራ የሠራው» ብለው ቢያወጡት፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ስሕተቱን ይነግሩዎታል። ከዚያ በኋላ ስለ አባትዎና ስለ መምህራቸው የሚጽፉት እውነትም አብሮ ይጠረጠራል። ከፎቶው ሥር «ጥር 1961 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ ወይም ፌብሩዋሪ 1969» ብለው ሙሉውን ይጻፉት። ጊታሩ የተሠራበትን ዓመት ለማወቅ ለሚጥር ሰው እንዲህ ያለ መስመር ትልቅ ነገር ነው፤ ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት መሠራቱን ያረጋግጥለታልና። ብዙ አሮጌ ጊታሮች መቼ እንደተሠሩ እንጂ መቼ፣ የት፣ በማን እጅ እንደነበሩ የሚናገር ነገር የላቸውም።

«ኒፖን ጋኪ» የሚለው ስምም አያሳስብዎ። ቶራኩሱ ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1887 ኦርጋን መሥራት ጀመረ፤ ከእሱ ሥራ የተወለደው ኩባንያ ኒፖን ጋኪ ተባለ፤ ትርጉሙ «የጃፓን የሙዚቃ መሣሪያ» እንደማለት ነው። ያማሃ የዕቃዎቹ መለያ ሆኖ ሲሠራበት ቢቆይም፣ ኩባንያው ራሱ በዚህ ስም የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠራ ጊታር ውስጥ «ኒፖን ጋኪ» የሚል ወረቀት መገኘቱ ለእውነተኛነቱ ምስክር ነው። የሚያጠራጥረኝ በተገላቢጦሽ የዛሬው የኩባንያ ስም ቢጻፍበት ነበር። ቀዩ ወረቀትም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምልክት ስለሆነ፣ አድናቂዎች እነዚህን ጊታሮች የሚጠሯቸው በወረቀቱ ቀለም ነው።

ስለ ጊታሩ ምንነት ሳልሸፍን ልናገር። ከታናሹ ከኤፍጂ-150 ጋር አብሮ የወጣ፣ የፎልክ ሙዚቃ ለሚጫወት ወጣት ተብሎ በብዛት የተመረተ ሞዴል ነው። ደረቱ ከላይ ስፕሩስ የተባለው እንጨት ቢመስልም ወጥ እንጨት አይደለም፤ በስስ ሽፋኖች የተደራረበ፣ የእኛ አናጺዎች ኮምፔንሳቶ የሚሉት ዓይነት ነው። ራስዎ ሊያዩት ይችላሉ፦ የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ወጥ እንጨት ቢሆን ላዩ ላይ ያለው መስመር ጠርዙን ይዞ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ተደራራቢ ከሆነ ግን ንብርብሩ እንደ እንጀራ ቁልል ይታያል። ይህ አያስከፋዎ። በኅዳር ነፋስ ደርቆ በነሐሴ ጉም የሚርስ የደሴ ቤት ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ደረቱ ሳይሰነጠቅ የቆየው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ወጥ ስፕሩስ እንዲህ ያለውን መፈራረቅ በቀላሉ አይችልም። ድምፁን የሚወዱለት ሰዎች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ዋጋው ግን በደህና ይዞታ ላይ ቢሆን እንኳ በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው። በሺዎች የሚል ሰው ቢያገኙ ይጠንቀቁ።

ብርቅ የሚባለው ምን እንደሆነ ለማነጻጸር አንድ ምሳሌ ልስጥ። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ዲ-45 የሚለውን ሞዴል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በመጀመሪያ ዓመታቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1942፣ የሠራው 91 ብቻ ነው። ፋብሪካው ከ1898 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጊታር ተከታታይ ቁጥር ስለሚሰጥ የእያንዳንዱ ዕድሜ በቁጥሩ ይታወቃል። ያ ብርቅ ነው። የእርስዎ ጊታር በዚህ ሚዛን አይገባም፤ እንዲገባም አያስገድዱት።

በሌላ በኩል እኔ በወሎ የማያቸው አሮጌ ጊታሮች የራሳቸው ወግ አላቸው፤ በዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅር ይበሉኝ። ከጣሊያኗ ሬካናቲ ከተማ የመጡ ኤኮ የተባሉ ጊታሮች አሉ፤ አንገታቸው በብሎን የታሰረ፣ ከባድ፣ ቶሎ የማይሞቱ ናቸው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ልጆች ይዘዋቸው የመጡ ጊታሮችም አሉ። በምሥራቅ ጀርመኗ ማርክኖይኪርሽን የተሠሩት፣ ሙዚማ የተባሉት ጊታሮች በጥሩ እጅ ሲጠገኑ ያስደንቃሉ። የሶቪየቶቹን ለመለየት ደግሞ የውስጥ ወረቀታቸውን ማየት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው በሩብል ታትሞበታል። አንገታቸው ሥር ባለች ብሎን የክሩ ከፍታ ይስተካከላል፤ ይህን የማያውቅ ጠጋኝ አንገቱን ለመንቀል ሲታገል አይቻለሁ። እነዚህ ሁሉ ውጭ አገር ርካሽ ናቸው። ነገር ግን እንዴት ወደ ኮምቦልቻና ወደ ወልድያ እንደደረሱ የሚያውቀው የቤተሰቡ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ሲያልፍ ዕውቀቱም አብሮ ያልፋል። አድናቂ ሊያነበው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ወደ ልጣጩ ልመለስ። ጊታሩ ጠቁሯል ብለው ያሰቡት ቀለሙ ስላለቀ አይመስለኝም። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት፣ ዕጣን በማይጠፋበትና ከሰል በሚነድበት ቤት የኖረ ዕቃ ሁሉ ቡናማ ጥላሸት ይለብሳል። ያ ሽፋን ከቫርኒሹ በላይ ነው እንጂ ቫርኒሹ ራሱ አይደለም። ፎቶ ከተነሣ በኋላ በትንሹ ብቻ በረጠበ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ከኋላው ጀምረው፣ አንድ የመዳፍ ያህል ቦታ ቀስ ብለው ይሞክሩ፤ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት። በአልኮል፣ በነጭ ጋዝ፣ በሎሚም ሆነ በዘይት አይንኩት። ጎማላካ የተቀባ አሮጌ መሣሪያ በአልኮል ይሟሟል፤ የሌላው ጊታር ሽፋን ምን እንደሆነ ሳይመረመር ደግሞ ማንም ባለሙያ በእርግጠኝነት አይነግርዎትም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው «አሳምሬዋለሁ» ብሎ ጊታር አመጣልኝ። እንደ ጠረጴዛ ተልጦ፣ ወፍራም ቫርኒሽ ተቀብቶ ነበር። ከራሱ ጀርባ የነበረው የፋብሪካ ማኅተም ጠፍቷል፤ ድምፁም ብርድ ልብስ የለበሰ ያህል ታፍኗል። ምን እንደነበረ ለሰውየው ልነግረው አልቻልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀንዷን ማሳረፊያም ይተዉአት። ክሩ በትክክል ካረፈባትና ካልተሰነጠቀች የምትቀየርበት ምክንያት የለም። ቀንድ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነገር ነው። አባትዎ በካራ ቀርጸው ያስገቧት ዕቃ የፋብሪካውን ብትተካም፣ «የመጀመሪያዋ አይደለችም፤ አባቴ የሠራት ናት» ብሎ መጻፍ ከማንም ዘንድ ክብር ያስገኝልዎታል። ድንገት መቀየር ግድ ቢሆን እንኳ አሮጌዋን በፖስታ አድርገው ከጊታሩ ጋር ያኑሯት።

ብሪጁ የሚያስቸኩል ነገር ነው። ስድስት የብረት ክሮች በተለመደው ቅኝት ሲወጠሩ በጠቅላላው ወደ 70 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ብሪጁን ወደ ፊት ይጎትታሉ። ሙጫው በዕድሜና በሙቀት ሲደክም ከኋላው መነሣት ይጀምራል፤ ሳይታይ ከቆየ ደግሞ የደረቱን ስስ ሽፋን ይዞ ይገነጠላል። ስለዚህ አሮጌዎቹን ክሮች ዛሬ ያላሉ፤ አዲስ አያስሩበት። ከዚያ አንዲት ቁራጭ ወረቀት በክፍተቱ ውስጥ ያስገቡና ምን ያህል እንደምትገባ ይለኩ። ጫፏ ብቻ ከገባች ነገሩ ገና ነው፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከገባች ብሪጁ ተነቅሎ፣ አሮጌው ሙጫ ተጠርጎ፣ እንደገና ተጣብቆ በሞርሳ ቢያንስ ለአንድ ቀን ተይዞ መቆየት አለበት። በክፍተቱ ውስጥ ሙጫ ማንጠባጠብ ጥገና አይደለም፤ አቧራን ከአቧራ ጋር ማጣበቅ ነው። ቢላ አስገብቶ መፈልቀቅም አደጋ አለው፤ አንዳንድ ብሪጆች በሙጫ ብቻ ሳይሆን ከላይ በማትታይ ብሎንም ይያዛሉ።

የአንገቱን ዘንበል ማለት ግን ከደብዳቤ መፍረድ አልችልም። ብሪጁ ከተሠራ በኋላ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት ዘንጎች 12ኛው) ላይ በወፍራሙ ክርና በፍሬቱ መካከል ያለው ርቀት 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ በዓይን ያየ ሰው ይወስን። የእነዚህ ጃፓን ሠራሽ ጊታሮች አንገት በቀላሉ እንደማይነቀል ያወቀ ጠጋኝ ቢሆን ይመረጣል፤ አንገት ነቅሎ እንደገና መትከል የጊታሩን ዋጋ የሚያህል ወጪ ሊጠይቅ ይችላል።

ተጠግኖ ሲያልቅ ቀጭኑን የብረት ክር ይግዙና ከተለመደው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይቃኙት። ውጥረቱ በግልጽ ይቀንሳል። ለአምባሰልም ሆነ ለባቲ ምንም አያጎድልም፤ ቅኝት በድምፆች መካከል ያለ ርቀት እንጂ የተቆረጠ ከፍታ አይደለምና፣ ዘፋኙ ካለበት መነሣት ይቻላል። በነገራችን ላይ የዚህ ተገላቢጦሽ በየሱቁ ብዙ ጊታር ይገድላል፦ ለናይለን ክር በተሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር ያስሩበታል። የናይለን ውጥረት ከብረቱ በጣም ያነሰ ስለሆነ ያ ዓይነቱ ጊታር ሸክሙን አይችለውም። የእርስዎ ለብረት የተሠራ ነው።

አቀማመጡንም ያስተካክሉ። እንጨትና ሙጫ የሚስማማቸው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያህል ነው። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይለወጣል፤ ወደ ባቲ ሲቀጥሉ ሙቀቱ ይበረታል። በመኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የተተወ ጊታር ሙጫው ሊለሰልስ ይችላል፤ ለሠርግ ይዘውት ከወረዱ አብሮዎት ይውረድ። ጆንያ እርጥበት ስለሚይዝ በጠንካራ ሳጥን ይተኩት፤ ከምድጃና ከውጭ ግድግዳም ያርቁት።

ፎቶውን ከጽዳቱ በፊት ያንሡ። ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ሙሉውን ከፊትና ከኋላ፣ ራሱን በሁለቱም በኩል፣ የመቃኛ ቁልፎቹን፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበትን ቦታ፣ ብሪጁን ከጎን፣ ቀዩን ወረቀት፣ ከሁሉም በላይ የእርሳሱን ጽሑፍ። ስልክዎ በድምፅ ቀዳዳው ውስጥ ካልገባ ትንሽ መስተዋት ይጠቀሙ። ጉዳቱን አይደብቁ፤ የተነሣውን ብሪጅ በማስመሪያ ለክተው ያሳዩ። ሲጽፉም በዓይንዎ ያዩትን፣ ከአባትዎ የሰሙትንና ራስዎ የገመቱትን ሳይደባልቁ ለየብቻ ያስቀምጡ። «ወረቀቱ እንዲህ ይላል»፣ «አባቴ እንዲህ ይለን ነበር»፣ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል»። በዚህ መንገድ የተጻፈ ግኝት ቢሳሳት እንኳ የሚታረመው ግምቱ ነው፤ ያዩትና የሰሙት ሳይነካ ይቀራል። የተከታታይ ቁጥሩን የመጨረሻ አኃዞች ግን በአደባባይ ይሸፍኑ፤ ሌላ ሰው የራሱ ንብረት አስመስሎ እንዳያቀርበው ነው። የቤትዎን አድራሻና የመምህሩን ሙሉ ስምም አያውጡ፤ ሰውየው ወይም ልጆቹ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ሊጠየቁ ይገባል።

ስለ ሮዝዉድ የተነገረዎት በከፊል ያለፈበት ነው። ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ የሮዝዉድ ዝርያዎችን በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጎ ነበር። በ2019 መጨረሻ ግን የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚያ ነጻ ሆነዋል። ከ1992 ጀምሮ ጥብቅ እገዳ ያለበትና አሁንም የቀጠለው የብራዚል ሮዝዉድ ነው። የእርስዎ ጊታር ጎኑና ጀርባው ማሆጋኒ ነው፤ ሮዝዉድ የሚኖርበት የጣት ሰሌዳውና ብሪጁ ላይ ነው። ዝርያውን በፎቶ ለይቼ ልምልልዎ አልችልም። ሊልኩት ከወሰኑ አስቀድመው ጉምሩክን በጽሑፍ ይጠይቁ።

እኔ ግን እንዲልኩት አልመክርም። ሳያየው ልግዛ ያለው ሰው ምናልባት ቅን ይሆናል፤ ቢሆንም «የማጓጓዣ ክፍያ አስቀድመህ ላክ» ወይም «በተጓዥ እጅ ስጥልኝ» ካለ ንግግሩን እዚያው ያቁሙ። ቅንም ቢሆን የሚከፍልዎት የአንድ ተራ ኤፍጂ-180 ዋጋ ነው፤ የእርሳሱ መስመርና የቀንዷ ማሳረፊያ ለእሱ ብዙም አይመዝኑም። ጊታሩን ያስቀሩት፣ ብሪጁን ያሠሩት፣ ይጫወቱበት።

ጠጋኝ ሲመርጡ ከዋጋ በፊት በምን ሙጫ እንደሚያጣብቀው ይጠይቁት። የእንጨት ኮላ ወይም ከቆዳ የሚሠራውን የድሮ ሙጫ ካለ፣ አሮጌውን አጽድቶ በሞርሳ እንደሚይዘውም ከነገረዎት፣ ይስጡት። በአንድ ደቂቃ የሚደርቀውን ፈጣን ሙጫ ወይም ኢፖክሲ ካለ ግን ጊታርዎን ይዘው ይመለሱ።